አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይ፦ ለኮሎራዶ የሕዝብ ራዲዮ ቃለ መጠይቅ ደረጃ በደረጃ

ዴንቨር ውስጥ ራዲዮዎን 90.1 ኤፍ ኤም ላይ ሲያደርጉ የኮሎራዶ ፐብሊክ ራዲዮን ዜና ያገኛሉ። የጣቢያው የቃለ መጠይቅ ዝግጅት «ኮሎራዶ ማተርስ» ይባላል። ስሙ «የኮሎራዶ ጉዳዮች» ማለት ነው፤ «ኮሎራዶ ቁም ነገር አላት» ተብሎም ይሰማል። አቅራቢው ራያን ዋርነርና ባልደረቦቹ የግዛቱን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው የግዛቱን ጉዳይ ይጠይቁታል።

በአውሮራና በዴንቨር የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪም የግዛቱ ሰው ነው። ታክሲ ይነዳል፣ በሽተኛ ያስታምማል፣ ሱቅ ይከፍታል፣ ግብር ይከፍላል። ድምፁ በግዛቱ ራዲዮ እንዲሰማ ሄዶ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እርስዎ መሆን ይችላሉ። ጣቢያውም አንድ ብቻ አይደለም፤ በ88.5 ኤፍ ኤም ከቦልደር የሚሰማው ኬ ጂ ኤን ዩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የቆመ የማኅበረሰብ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የአሜሪካ ምክር ቤት ለሕዝብ ማሰራጫዎች የተመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ከሰረዘ ወዲህ፣ ተዘጋጅቶ የሚመጣ እጅ ለእነዚህ ጣቢያዎች ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ በአንድ ምሳሌ ላይ ይሄዳል፦ በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚያመላልስ አንድ የአውሮራ ሹፌር፣ እና የኡበርና የሊፍትን ክፍያ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ2024 የግዛቱ ሕግ። እርስዎ የራስዎን ሰውና ጉዳይ ያስገቡበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• የእጅ ድምፅ መቅረጫ፤ ዙም ኤች 5 ወይም መሰሉ
• ዳይናሚክ ማይክ ከኤክስ ኤል አር ገመድ ጋር
• የማይክ ስፖንጅ
• ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለገመድ ማዳመጫ
• ባለ 32 ጊጋባይት ኤስዲ ካርድ፣ ሁለት
• አዲስ ባትሪ፣ ከነመለዋወጫው
• ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ
• ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር፤ ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል

መቅረጫ ከሌለዎት በስልክዎ ይጀምሩ። ማዳመጫውን ግን አይተዉ።

ሀ. ጉዳዩንና ሰውየውን ይምረጡ

1. ጉዳዩን በአንድ ጥያቄ ይጻፉ። «የሹፌሮች ችግር» ሰፊ ነው፤ ይጥበብ። እንዲህ ይበሉት፦ «ሹፌሩ ተሳፋሪው ስንት እንደከፈለ ማየት ከጀመረ ወዲህ ምን ተለወጠ?» ሌላም ጉዳይ ቢሆን አሠራሩ ያው ነው። የኮሎራዶ ወንዝን ውኃ 7 ግዛቶች የሚካፈሉት እ.ኤ.አ. በ1922 በተፈረመ ውል ነው፤ የእርስዎ ጥያቄ ግን «አንድ የአውሮራ ቤተሰብ የግቢውን ሣር ለምን ነቀለ?» ይሁን። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2021 የተነሳው የማርሻል እሳት በቦልደር ካውንቲ ከ1,000 በላይ ቤቶች አቃጥሏል፤ የእርስዎ ጥያቄ «አንዱ ባለቤት ኢንሹራንሱ ሳይበቃው ሲቀር ቤቱን በምን ሠራ?» ይሁን።

2. ሕጉን ራሱን ያንብቡ። ለዚህ ምሳሌ ሴኔት ቢል 24-075ን በግዛቱ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ያገኙታል። ሕጉ ኩባንያዎቹ ተሳፋሪው የከፈለውንና ለሹፌሩ የደረሰውን ለይተው እንዲያሳውቁ ያዛል። ስለ ሕጉ ከሰው የሰሙትን ከጽሑፉ ጋር ያስተያዩ።

3. ጉዳዩ ኑሮው የሆነ ሰው ይፈልጉ። የማኅበር ሊቀመንበር ስለ ሹፌሮች ያወራልዎታል፤ ሹፌሩ ግን ትናንት ማታ የሆነውን ይነግርዎታል። ሹፌሩን ይያዙ።

4. የሌላውን ወገን መልስ ከማን እንደሚያገኙ ይወስኑ። ለኩባንያው የጽሑፍ ጥያቄ ይላኩ። የወረዳዎን ተወካይም ያነጋግሩ። የግዛቱ ምክር ቤት 65 ተወካዮችና 35 ሴናተሮች አሉት።
ጥንቃቄ፦ መደበኛው ጉባኤ ከጃንዋሪ ጀምሮ 120 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ተወካዮች ጊዜ ስለማይኖራቸው ቀጠሮውን አስቀድመው ይያዙ።

5. ለጣቢያው አርታኢ አምስት መስመር ይላኩ። ጥያቄው፣ ሰውየው፣ ለምን አሁን፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ቋንቋ። ከዚያ በላይ አይጻፉ።
ጥንቃቄ፦ እንግዳዎ ለምርጫ የሚወዳደር ከሆነ ይህን በመጀመሪያው መስመር ላይ ያድርጉት። ጣቢያው ስለ ተወዳዳሪዎች የሚጠብቃቸው ደንቦች አሉት።

ለ. ከቀጠሮው በፊት

6. ለእንግዳው ደውለው 10 ደቂቃ ያውሩ። አይቅረጹ። ታሪኩን በሙሉ አያስጨርሱት፤ ሁለተኛ ሲነገር ይቀዘቅዛል። ወዴት እንደሚሄድ ሲገባዎት «ይቺን ለማይኩ ያቆዩልኝ» ይበሉ።

7. ፈቃዱን በግልጽ ይጠይቁ። የጣቢያውን ስም፣ ቀረጻው ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና በግምት መቼ እንደሚተላለፍ ይንገሩት።
ጥንቃቄ፦ በስልክ የሚነጋገሩትን ለማሰራጨት የሚቀርጹ ከሆነ፣ መቅረጫውን ከመክፈትዎ በፊት ይህን ለሰውየው መንገር የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን ደንብ ነው። ለፊት ለፊት ቃለ መጠይቅም እንዲሁ ያድርጉ።

8. ስለ ስሙ ይስማሙ። ሥራዬን አጣለሁ ወይም የመኖሪያ ወረቀቴ ይነካል ብሎ የሚሰጋ እንግዳ ካለ፣ ስሙ ይቅር አይቅር የሚለውን ከአርታኢው ጋር አሁኑኑ ይወስኑ። ከተቀረጸ በኋላ የሚሰጥ ተስፋ ለሁለታችሁም አይበጅም።

9. ስምንት ጥያቄ ይጻፉ። «ምን ተሰማዎት?» የሚለውን ከዝርዝሩ ያውጡ። የእኛ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልሱ «ተመስገን ነው» ነው፤ ከዚያ ወዲያ አያልፍም። በምትኩ ቀኑን ያስነግሩት፦ «የዚያን ዕለት ከቤት ሲወጡ ስንት ሰዓት ነበር? መጀመሪያ ማንን ጫኑ?»

10. ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። ቀላሉና የሚታየው ይቅደም። ገንዘቡ መሐል ላይ ይግባ። ከባዱ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ይምጣ።

11. ቦታ ይምረጡ። ለሹፌር የራሱ መኪና ጥሩ ስቱዲዮ ነው፤ ወንበሩና ጣሪያው ማሚቶ ይውጣል። ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ መስኮቱ ይዘጋ። እየነዳ እያለ አይጠይቁት።

12. በዋዜማው ማታ ዕቃዎን ይፈትሹ። ባትሪ ይቀይሩ። ካርዱን ባዶ ያድርጉ። መቅረጫውን በዌቭ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ላይ ያስተካክሉ። አንድ ደቂቃ ራስዎን ቀርጸው ያዳምጡ።

ሐ. ሲቀርጹ

13. መጀመሪያ ዝም ብለው ያዳምጡ። ማዳመጫውን አድርገው ማይኩን ከፍተው 10 ሴኮንድ ይቆዩ። ጆሮዎ የለመደውን ድምፅ ማይክ አይለምደውም።

14. የሚጮኸውን ያጥፉ። የሁለታችሁም ስልክ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይግባ። በቤት ውስጥ ከሆኑ ፍሪጁን ባለቤቱን አስፈቅደው ይንቀሉ።
ጥንቃቄ፦ የመኪና ቁልፍዎን ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጡ። መልሰው ሳይሰኩት መሄድ አይችሉም።

15. ቡና ከቀረበ ይጠጡ። አቦሉን ሳይጠጡ «እንጀምር» ማለት ባለቤቱን ያስከፋል። ማይኩን ግን ሲኒው ከፊታችሁ ከተነሳ በኋላ ይክፈቱ፤ የሲኒና የማንኪያ ድምፅ መልሱ ላይ ካረፈ በኋላ አይወጣም።

16. ማይኩን እርስዎ ይያዙ። ለእንግዳው አይስጡት። ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፤ ከአገጩ ዝቅ አድርገው ወደ ላይ ያዙሩት። ያኔ ትንፋሹ በቀጥታ አይመታውም።
ጥንቃቄ፦ ገመዱን በጣትዎ አንድ ዙር ይያዙት። የሚወዛወዝ ገመድ ያንኳኳል።

17. የድምፁን መጠን ይለኩ። «ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?» ብለው ያናግሩት። ከፍ ሲል -12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። 0ን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ በኋላም አይጠገንም።

18. ማዳመጫውን እስከ መጨረሻ አያውልቁ። እኔ አንድ ቀን ለእንግዳዬ አክብሮት ብዬ አውልቄ 40 ደቂቃ ቀረጽኩ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ገመዱ ላልቶ ኖሮ ከግማሹ በላይ ጭርጭርታ ብቻ ነበር። እኚያ እናት የነገሩኝን መልሰው ሊነግሩኝ አልቻሉም። አክብሮትዎ ቃላቸውን በደንብ መቅረጽ ነው።

19. ስሙን ራሱ ይናገር። «ሙሉ ስምዎን፣ ሥራዎን፣ የሚኖሩበትን ከተማ ይንገሩኝ።» ፈቃዱንም አብሮ በድምፅ ይስጥ።

20. የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቀው ዝም ይበሉ። «እህ»፣ «ልክ ነው»፣ «ውይ» አይበሉ፤ ሁሉም ይቀረጻል። በራስዎ ይነቅንቁ፣ በዓይንዎ ይከተሉ።

21. መልሱ ሲያልቅ ሦስት ሴኮንድ ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። ሰው የተዘጋጀበትን ሲጨርስ የኖረውን ይጀምራል።

22. ቁጥሩን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ሹፌሩ «ግማሹን ይወስዱብኛል» ካለ አይለፉት። «የትናንቱን አንድ ጉዞ ይክፈቱልኝና ስክሪኑ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ» ይበሉ። ስልኩ ለዚህ ከአውሮፕላን ሞድ ይውጣ። ስልኩን ሲያወጣ፣ ጣቱ ወደ ታች ሲገፋ፣ መነጽሩን ሲያደርግ ማይኩ ክፍት ይሁን። ቀስ ብሎ ያንብብ፦ ተሳፋሪው የከፈለው ይህን ያህል፣ ለእኔ የደረሰኝ ይህን ያህል። ሕጉ በአንድ ሰው መዳፍ ላይ የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ቃለ መጠይቅዎ ይህን ከያዘ ግማሹ አልቋል።

23. የሙያውን ቃል ያስተርጉሙት። «ኪው ውስጥ ነበርኩ» ካለ «ለማያውቅ አድማጭ ያስረዱልኝ» ይበሉ። ሹፌሮች በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ተራ የሚጠብቁበትን ቦታ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩና እዚያ ምን እንደሚያደርጉ ያስነግሩት።

24. ከባዱን ጥያቄ በለሰለሰ ድምፅ ይጠይቁ። «ተሳፋሪው ደግሞ ዋጋው ተወደደብኝ ይላል፤ ለእሱ ምን ይሉታል?» ጥያቄውን በይቅርታ አያስጀምሩት። አጭር ያድርጉትና ያቁሙ።
ጥንቃቄ፦ ታላቅዎን «እርስዎ» እያሉ ይጠይቁ፤ ከባዱ ጥያቄ ላይ ሲደርሱም «አንተ» አይበሉ።

25. የንግድ ማስታወቂያ አይቅረጹ። የሕዝብ ራዲዮ ለንግድ የቆመ ጣቢያ አይደለም። እንግዳው ዋጋ ጠርቶ «ኑና ግዙ» ካለ በትሕትና መልሱን እንዲደግመው ይጠይቁት።

26. በዚህ ጥያቄ ይጨርሱ፦ «ያልጠየቅኩዎትና ሰው እንዲያውቀው የሚፈልጉት ነገር አለ?» ማይኩን አይዝጉ። እንግዳው «የለም» ብሎ ሲያበቃ እንደገና የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው።

27. የቦታውን ዝምታ አንድ ደቂቃ ይቅረጹ። ማንም አይናገር፣ ማንም አይንቀሳቀስ። ሲቆርጡ ስፌቱን የሚሸፍንልዎት ይህ ነው።

28. የቦታውን ድምፅ ለብቻ ይቅረጹ። የመኪናው በር ሲዘጋ፣ ቀበቶው ሲገባ፣ አዲስ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ የሚያሰማው ድምፅ። ስልኩ ለዚህም ከአውሮፕላን ሞድ ይውጣ። እያንዳንዱን 15 ሴኮንድ ያህል ይቅረጹ።

29. ከመነሳትዎ በፊት ፋይሉን ከፍተው ያረጋግጡ። መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን ጥቂት ጥቂት ያዳምጡ።

መ. ሲያዘጋጁ

30. በዚያው ቀን ፋይሉን ሁለት ቦታ ያስቀምጡ። አንዱ ኮምፒውተርዎ ላይ፣ ሌላው ከኮምፒውተሩ ውጪ ይሁን። ዝግጅቱ እስኪተላለፍ ድረስ ካርዱን አይደምስሱ።

31. ሳይቆርጡ ሙሉውን አንድ ጊዜ ያዳምጡ። እርሳስ ይዘው ልብዎ ያቆመበትን ደቂቃ ብቻ ይጻፉ።

32. ከጻፉት ውስጥ አምስት ቦታ ይምረጡ። 40 ደቂቃ ከቀረጹ ለአየር የሚሆነው 8 ደቂቃ ያህል ነው። ጥሩ ሆኖ ከጥያቄዎ ጋር የማይሄድ ነገር ካለ ለሌላ ቀን ያስቀምጡት።

33. ኦዳሲቲ ውስጥ ይቁረጡ። በትንፋሽ መሐል አይቁረጡ፤ ከትንፋሹ በፊት ይቁረጡ። ያለ ትንፋሽ የሚጀምር ሰው የተቆረጠ መሆኑን ጆሮ ያውቃል።
ጥንቃቄ፦ ለአንዱ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ከሌላ ጥያቄ ጋር አይስፉት። የሰውን ቃል ማሳጠር ይፈቀዳል፤ ያላለውን ማስባል አይፈቀድም።

34. ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉሙ። ትርጉሙ የሰውየውን ቃል ሳይሆን የልቡን ይያዝ። «ሆዴ ባባ» ያለ ሰው ስለ ሆዱ አላወራም። ትርጉሙን ለሌላ አማርኛ አዋቂ ያሳዩና ያስተካክሉ።

35. የትርጉሙን ድምፅ ያስገቡ። መጀመሪያ እንግዳው በአማርኛ ብቻውን አራት ሴኮንድ ይሰማ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይበልና ተርጓሚው ይግባ። ሲያበቃ እንግዳው እንደገና ሁለት ሴኮንድ ከፍ ብሎ ይዝጋ። አድማጩ ቋንቋውን ባይሰማውም ሰውየውን ይሰማዋል።

36. ቁጥሮቹንና ስሞቹን አንድ በአንድ ያጣሩ። ከስክሪኑ የተነበበውን ዶላር፣ የሕጉን ቁጥር፣ የመንገዱን ስም፣ የኩባንያውን መልስ። ኩባንያው ካልመለሰ የላኩበትን ቀን ጠቅሰው «አልመለሱም» ብለው ይግለጹ።

37. መግቢያውን ይጻፉ። 30 ሴኮንድ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ 75 ቃል ያህል ነው። መጀመሪያ ጉዳዩን፣ ቀጥሎ ሰውየውን ይጥሩ። መልሱን መግቢያው ላይ አይጨርሱት።

38. የስሙን አጠራር ለአቅራቢው ይላኩ። እንግዳው ራሱ ስሙን የተናገረበትን ድምፅ ቆርጠው ከፋይሉ ጋር ያያይዙ።
ጥንቃቄ፦ አሜሪካውያን ሰውን ሁለተኛ ሲጠሩት በመጨረሻ ስሙ ነው። የእኛ ሰው መጨረሻ ስሙ የአባቱ ነው። «በመጀመሪያ ስሙ ይጠራ» ብለው ይጻፉላቸው፤ አለበለዚያ በራዲዮ የሚጠሩት አባቱን ይሆናል።

39. ሙሉውን ዓይንዎን ጨፍነው ያዳምጡ። አንዴ በማዳመጫ፣ አንዴ በመኪና ራዲዮ። ብዙ አድማጭ የሚሰማው እየነዳ ነው። በመኪናው ያልሰሙት ቃል ካለ ድምፁን ያስተካክሉ።

40. ፋይሉን ለአርታኢው ይላኩ። መግቢያውን፣ የእንግዳውን ስምና ሥራ፣ የትርጉሙን ጽሑፍና የአማርኛውን ቃል አብረው ያድርጉ። አርታኢው «እዚህ ጋ ምን አለ?» ሲል ወዲያው ያሳዩታል።

41. ለእንግዳው ይደውሉ። የሚተላለፍበትን ቀንና ሰዓት ይንገሩት። የተቀየረ ነገር ካለ ከእርስዎ ይስማ። ከተላለፈ በኋላ ድምፁን በቴሌግራም ይላኩለት። ሹፌሩ ለልጆቹ ያሰማዋል፣ ተራ በሚጠብቅበት ቦታ ለጓደኞቹ ያሰማል። ከመካከላቸው አንዱ «እኔም የምለው አለኝ» ብሎ ይደውልልዎታል። ስልኩን አንስተው ማስታወሻ ደብተሩን ይክፈቱ፤ ደረጃ 1 ላይ ነዎት።